መርዶ ነጋሪ የሌለው ረቂቅ፦ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

አየር ጤና መናኸሪያ የደረስኩት ረዳቶቹ ገና ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ሳለ ነው። «ሆሳዕና አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል አንዱ። ብገባ መኪናው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይኼ «አንድ ሰው» የሚሉት ቁጥር የየት አገር ሒሳብ እንደሆነ ዕድሜ ልኬን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ቢሆንም ቀድሞ የመጣ ጋቢና ያገኛል፤ ቦርሳዬን ታቅፌ ከሹፌሩ ጎን ተደላደልኩ።

ሹፌሩ ታምራት ይባላል፤ ከሆሳዕና ዙሪያ የሌሞ ልጅ ነው። ዓለምገናን ሳናልፍ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን ብቻዬን እንደምሄድና ባል እንዳለኝ አጣርቶ ጨርሷል። እኔም ሰው መጠየቅ እወዳለሁ፤ የሚበልጠኝ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል።

«ለሥራ ነው?»

«ለጋዜጣ። ዘማቾችን የሚደግፍ፣ የጦር መታሰቢያዎችንም የሚንከባከብ መሥሪያ ቤት ሊቋቋም ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። ረቂቁን ይዘው ሕዝብ ያወያያሉ አሉ።»

«ሌላ መሥሪያ ቤት!» መሪውን በመዳፉ መታ አደረገ። «ኧረ ያሉትን መች ገብተን ጨረስናቸው?»

ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከአዲስ አበባ ስነሳ የያዝኩት ጥያቄ እሱው ነበር። ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትል ጸሐፊ። ከዚህ ሌላ ምን ይኖረዋል?

ጢያን ስናልፍ ታምራት ፍጥነቱን ቀነሰልኝ። ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከአጥሩ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ከሥራቸው ማን እንደተኛ፣ ማን እንዳቆማቸው እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። ሰይፉ አለ፣ ስሙ የለም። ይኼ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ቡታጅራ አልወጣ አለኝ፤ እዚያ በቅቤ የራሰ ፍርፍር ሲቀርብልኝ ግን ረሳሁት።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና

ወራቤን አልፈን ሆሳዕና ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ቀርቷል። ባጃጅ በባጃጅ ላይ ነው። ከሌሞ ገጠር ገብስና እንሰት ጭነው የመጡ የፈረስ ጋሪዎች ከባጃጆቹ ጋር ይጋፋሉ፤ ፈረሶቹ ክላክሱን ከመጤፍም አይቆጥሩት።

የተቀበለኝ ማርቆስ ነው። ረቂቁን ካዘጋጁት አንዱ ነው፤ ገና ወጣት፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ጭቃው እንዴት እንደማይነካው እስካሁን አልገባኝም። «ጡማ!» ብሎ ጨበጠኝ፤ ሰላም ማለቱ ነው። «መጀመሪያ ትበያለሽ፣ ከዚያ ትጠይቂያለሽ» አለና ወደ አንድ ቤት ወሰደኝ።

አታካና ቀረበ። ቡላ በወተትና በቅቤ ተገንፍሎ፣ አይብ ተጨምሮበት፣ የሚብረቀረቅ ነገር ነው። እዚህ ይኼን ለክቡር እንግዳ ነው የሚሠሩት። ሁለት ማንኪያ ከጎረስኩ በኋላ መሥሪያ ቤቱን መደገፍ ጀመርኩ።

ማርቆስ ረቂቁን በቃሉ ይዞታል። አካል ጉዳት ላለባቸው ዘማቾች ሕክምናና ሰው ሠራሽ እግር። ለታመሙት ቤት ለቤት ጉብኝት። ለፈረሱ ሐውልቶች ጥገና፣ አጥር፣ ቀለም፣ ጠባቂ። «የትኛው መንግሥት እንደወሰዳቸው አንጠይቅም» አለ። «ለየትኛውም ይዝመቱ፣ የሄዱት የእኛ ልጆች ናቸው።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«መጀመሪያ 'የቀድሞ ወታደሮች ተመዝገቡ' ብለን በድምፅ ማጉያ ስንዞር ሽማግሌዎቹ ተደበቁ» አለና እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። «አንዱ ጓሮው እንሰት ውስጥ ተኝቶ ነው የተገኘው። አፈሳ መስሎት! በዚያ ዕድሜው ማን እንደሚያፍሰው!»

አብሬው ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳቄ ተቋረጠ። ወጣቶች ከገበያና ከትምህርት ቤት እየታፈሱ ወደ ጦር ሜዳ የተጫኑበትን ዘመን ያየ ሰው፣ የመንግሥት ድምፅ ማጉያ ሲሰማ እግሩ አእምሮውን አይጠይቅም።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ ወደ አንጋጫ

በማርቆስ ፒክአፕ ወጣን። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ በእንሰቱ መሀል ቤት፣ በቤቱ ፊት የተላገ የሚመስል ሣር። አምባሪቾ ተራራ ደመናውን አንዴ ገልጦ አየንና መልሶ ተከናነበ። ማርቆስ ሀዲይኛ ነው የሚናገረው፤ አንጋጫ የሚነገረው ግን ከምባትኛ ነውና ስብሰባው በአማርኛ ይሆናል።

ሐውልቱ ከገበያው በላይ ባለች ጉብታ ላይ ቆሟል። የአካባቢው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራው የሲሚንቶ ዓምድ ነው። አናቱ ተሸርፏል፤ አጥሩ ላይ የሰው አንሶላ ተሰጥቷል፤ ደረጃው ላይ ሁለት ፍየሎች ተጋድመዋል። ከፊቱ አዲስ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተዘጋጅቶ ቆሟል፣ ምንም አልተጻፈበትም። «ዛሬ ስሞቹን ሕዝብ ፊት እናነባለን፤ የተሳሳተ ካለ ይታረማል። ሰኞ ቀራጩ ይጀምራል» አለ ማርቆስ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ያላለቀ ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው ነበር የቆመው።

ከስብሰባው በፊት ጋሽ ተስፋዬን አስተዋወቀኝ። ዘማች ናቸው፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግተው በአንድ እግራቸው ይረግጣሉ፤ ክራንቻቸው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይጠብቃቸዋል።

ገና «እንደምን ዋሉ» ብዬ ሳልጨርስ አንዲት እናት በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ። ጥቅሉን ከጋሽ ተስፋዬ ጉልበት ላይ አስቀመጡ፤ ትኩስ ቆጮ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከአዲስ አበባ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ እማማ።»

«ወታደሮች የሚታከሙበት ቤት አለ አይደል? ትልቅ ቤት? ጴጥሮስ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው አላየሽም? ልጄ ነው። ከዚህ ገበያ ነው የወሰዱት። ከተስፋዬ ጋር አንድ ላይ ሄዱ፣ ኋላ ተለያዩ።»

«አላየሁም እማማ» አልኩ። «እሺ፣ ካየሽው እናትህ ቤት አልቀየረችም በይው» ብለው ሄዱ። እማማ ሐና ይባላሉ።

የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ጋሽ ተስፋዬ ቆጮውን ሳይከፍቱ ይዘውታል።

«አልተለያየንም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አጠገቤ ነው የሞተው። እኔ ነኝ አፈር ያለበስኩት።»

«እናቱ አያውቁም?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሱ አፈርኩ።

«መርዶ አንድ ሰው እየሮጠ ሄዶ የሚናገረው ነገር ነው እንዴ? ስመለስ ሽማግሌ ሰብስቤ ሄድን። ደጃፍ ላይ ስታየን ገባት፤ በር ዘጋች። 'ልጄን ከገበያ የወሰደው መንግሥት ነው፣ ቁርጡንም እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ' አለች። መንግሥት ሄዶ ሌላ መንግሥት መጣ። እኔስ ምን ላድርግ? በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ።»

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስብሰባው

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ዘማቾቹ፣ ሜዳሊያ ያለው በሜዳሊያው፣ የሌለው በንጹሕ ጃኬቱ። ከኋላ ከገበያ የገቡ ሴቶች፣ ቅርጫታቸውን ከእግራቸው ሥር አድርገው። ማርቆስ ጥሩ ተናገረ። ስለ ሰው ሠራሽ እግር ሲያነሣ ጭብጨባ ሆነ። አንድ አዛውንት ተነሥተው «እግሩ ሲመጣ ጫማውስ አብሮ ይመጣል?» ብለው አዳራሹን አሳቁት።

ከዚያ ማርቆስ ወረቀት አወጣ። «አሁን በሐውልቱ ላይ የሚቀረጹትን የሰማዕታት ስም አነባለሁ» አለና ጀመረ። አንድ ስም። ሌላ ስም። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

እኔ ወደ ኋላ ዞር አልኩ፤ የምሠራው ይኼንኑ ነው፣ ፊት ማየት። እማማ ሐና ከበሩ አጠገብ ቆመዋል።

ጋሽ ተስፋዬን ብፈልግ እሳቸውም አይተዋቸዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ክራንቻቸውን ወለሉ ላይ ደጋግመው መቱት።

«አቁም! አንተ ልጅ፣ አቁም! ከዚያ በታች አታንብብ!»

ማርቆስ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከምባቶቹ አንድ ባንድ ወደ ኋላ ዞረው እማማ ሐናን አዩና መልሰው አቀረቀሩ። የገባቸው ይመስለኛል፤ ያልገባው ማርቆስ ብቻ ነበር። እማማ ሐና ቅርጫታቸውን አንሥተው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ደጅ ላይ ማርቆስ በቁጣ ጀመረ። «ጋሼ፣ ስሙን የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ሰጥቻለሁ። ከመንግሥት መጥተህ የሞቱትን ስም ስትጠይቀኝ፣ ተመስገን፣ ቤት ለቤት ሄደው ሊያረዱ ነው ብዬ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ቤተሰቡ ያውቃል ብዬ!»

ሁለቱም ተፋጠጡ። ይኼን ያህል ዘመን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሴትየዋ የልጃቸውን መሞት በድምፅ ማጉያ ሊሰሙ አንድ ስም ነበር የቀራቸው። ማርቆስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ያ ጫማ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ አላየውም።

«ጋሼ፣ አጥር ብለን ጽፈናል። ቀለም ብለናል። የአበባ ተክል ሳይቀር አለ። መርዶ የሚል ቃል ረቂቁ ውስጥ የለም» አለ።

«ታዲያ ድንጋዩ ላይ ስትጽፈው ለማን ነው የምትነግረው?» አሉ ጋሽ ተስፋዬ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ የእውነት መጠየቃቸው ነበር።

ዓርብ፣ ሲመሻሽ

አልጋ ቤት ይዘን አደርን። ማርቆስ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ለአለቃው ይደውላል። የሚለው ብቻ ነው የሚሰማኝ።

«አዎ፣ አልጸደቀም፣ አውቃለሁ... በማን ስም ነው ብትለኝ እኔም አላውቅም... 'ማሳወቅ' ብለን እንጻፍ ነው የምትለኝ? አይሆንም ጌታዬ፣ ማሳወቅ በደብዳቤም ይሆናል። ማርዳት ግን በአካል ነው... ኧረ ማንም አላዘዘኝም!»

ስልኩን ዘግቶ መጣ። «ምን አለህ?» አልኩት።

«'የሌለ መሥሪያ ቤት ወክለህ መርዶ ብትነግር በኋላ ተጠያቂው አንተ ነህ' አለኝ። ልክ ነው እኮ።» «አባቴ ሲሞት ያረዳኝ አጎቴ ነው፤ እጄን ይዞ ነው የነገረኝ። በማይክራፎን ብሰማውስ ኖሮ?»

ጋሽ ተስፋዬ ከአባባ ሎዳሞ ጋር መጡ። አባባ ሎዳሞ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ በር ከተዘጋባቸው ሰዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ብዙ አላወሩም። «ነገ ነው» አሉ ለማርቆስ። «ከዛሬው በኋላ ሴትየዋን ሌላ ቀን ማሳደር ግፍ ነው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«እመጣለሁ» አለ ማርቆስ። ከዚያ በኋላ ራቱን አልበላም።

ቅዳሜ፣ ጎህ ሳይቀድ

መርዶ የሚነገረው ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ቤት ሳለ ነው። ጎረቤት ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎች፣ ዘመዶች፣ እማማ ሐና ሲወድቁ የሚይዙ ጉልበተኛ ሴቶች። እኔንም ከሴቶቹ ጋር አሰለፉኝ። «ጋዜጠኛነትሽን እዚያ ተዪው» አለችኝ አንዷ፣ በቁጣ ሳይሆን ነጠላዬን እያጣፋችልኝ። ስልኬን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በእንሰቱ መሀል በሰልፍ ሄድን። ጤዛው እግራችንን አራሰው። ጋሽ ተስፋዬ በክራንቻቸው ከፊት ናቸው፤ ሊያግዛቸው የሞከረውን ሁሉ ገፍትረዋል።

በሩ ክፍት ነበር። እማማ ሐና ተነሥተው፣ ታጥበው፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው መሀል ቤት ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ሎዳሞ ከደጃፉ ቆመው «ሐና፣ ቁርጥሽን ይዘን መጥተናል» አሉ።

እማማ ሐና እሳቸውን አላዩም። ያዩት ማርቆስን ነው።

«አንተ ማን ነህ?»

«ማርቆስ እባላለሁ፣ እናቴ።»

«ስምህን አልጠየቅሁህም። ማን ላከህ?»

ማርቆስ አንዴ አባባ ሎዳሞን አየ፣ አንዴ መሬቱን አየ። የላከው የለም። መሥሪያ ቤቱ የለም፣ አዋጁ የለም፣ አለቃው አይሆንም ብሏል። ይኼን ሁሉ ያስረዳል ብዬ ፈራሁ።

ተንበረከከ።

«መንግሥት ነው የላከኝ፣ እናቴ። ጴጥሮስን የወሰድነው እኛ ነን። ሞቷል። ሳንነግርሽ በጣም ቆየን፤ ይቅር በይን።»

ይኼ ልጅ ጴጥሮስ ሲወሰድ አልተወለደም። «እኛ» ሲል ግን ማንም አላረመውም።

እማማ ሐና ወደ ጋሽ ተስፋዬ ዞሩ። «አንተ ነህ የቀበርከው?»

«እኔ ነኝ። በእጄ። ድንጋይም ደርቤበታለሁ፣ አውሬ እንዳያወጣው።»

«ታውቅ እንደነበር አውቃለሁ» አሉ። «በየበዓሉ ስትመጣ ዓይኔን አታይም ነበር።» ከዚያ ተነሡ፣ ማንንም ሳይደገፉ። «እንግዲህ ልቀቁኝ፤ ልጄን ላልቅሰው።»

ያ ድምፅ ሲወጣ ያ ሁሉ ዓመት አብሮት ወጣ። አብሬያቸው የተሰለፍኩትን ሴቶች ረስቼ እኔም አለቀስኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ላላየሁት ልጅ፣ በሙሉ ድምፄ። ወዲያው ግቢው በሰው ሞላ። ወንዶቹ ድንኳን ተከሉ። እማማ ሐና አንድ ሸሚዝ አወጡ፣ የትምህርት ቤት ሸሚዝ፣ ታጥቦና ተተኩሶ የተቀመጠ። አባባ ሎዳሞ ተቀብለው በዘንግ ጫፍ ላይ ከፍ አድርገው ያዙት። አንድ ሰው ፈረስ እየሳበ መጣ፤ ለጀግና ለቅሶ ድሮ እንዲህ ይደረግ ነበር አሉኝ፣ አሁን ቀርቷል፣ ለጴጥሮስ ግን ይገባዋል። ለቀስተኛው ሸሚዙንና ፈረሱን ተከትሎ ግቢውን ዞረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በፊት፣ መመለሻ

ማርቆስን ድንኳኑ ሥር አገኘሁት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ። «ስሙ ሰኞ ይቀረጻል?» አልኩት።

«እሷ ካለች። ሌሎቹን ስሞች ግን ቀራጩ እንዳይነካ ነግሬዋለሁ፤ መጀመሪያ ማን መርዶ እንደተረዳ፣ ማን እንዳልተረዳ ቤት ለቤት መጠየቅ አለብኝ።» ከዚያ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሳይለይ፣ «አለቃዬ ያባርረኛል» አለ።

ልንሄድ ስንነሣ ሌላ እናት ከድንኳኑ ዳር ተነሥተው መጡ። ከእማማ ሐና ያረጁ ናቸው። ለቅሶው መሀል እንደነበሩ አላስተዋልኩም፤ ያላለቀሱ እሳቸው ብቻ ነበሩ መሰለኝ። የማርቆስን እጅጌ ያዙት።

«ከመንግሥት የመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«የእኔ ልጅ ዮሴፍ ይባላል። እሱም በዚያው ዘመን ነው የሄደው።»

ማርቆስ ወደ ጋሽ ተስፋዬ ዞረ። ጋሽ ተስፋዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዮሴፍን የት እንደደረሰ አያውቁም።

«አላውቅም፣ እናቴ» አለ ማርቆስ። «አልዋሽሽም። ግን እፈልጋለሁ።»

ሴትየዋ እጅጌውን ለቀቁት፣ የጨማደዱትንም በመዳፋቸው አስተካከሉለት።

«እሺ። ቤቴን ማንም ያሳይሃል» አሉት። «ስትመጣ ግን ብቻህን አትምጣ።»